ወላጅ አምጣ! የአስማት ትምህርት ቤት ጌም በባለካሬ ደብተርና በስክራች እንዴት ይሠራል

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ፒያሳን ይውጣታል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ጎረቤት ይሁን አበዳሪ እስኪደርስ ድረስ አይለይም። የእህቴ ልጅ በእንዲህ ያለ ቀን ከትምህርት ቤት ተመለሰና "አጎቴ፣ ዛሬ መንገዱ ልክ እንደ ጌም ነበር። የምረግጠው ቦታ ብቻ ነው የሚታየኝ" አለኝ። እኔም ወዲያው ባለካሬ ደብተር አወጣሁ።

የሠራነው ጌም ሰዎች "ዳንጀን" ከሚሉት ዘር ነው። ጨለማ ምድር ቤት አለ። ክፍል በክፍል ትገባላችሁ። ጭራቅ ይገጥማችኋል፣ ሀብት ታገኛላችሁ፣ አቅማችሁ ይመነምናል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው "ሮግ" እና በ1981 በአፕል 2 ኮምፒውተር ላይ የወጣው "ዊዛርድሪ" የዚህ ዘር አያቶች ናቸው። ዊዛርድሪ 20 በ20 የሆኑ 10 ወለሎች ነበሩት። ተጫዋቾቹ እንዳይጠፉ ካርታውን በእጃቸው በካሬ ወረቀት ላይ ይስሉ ነበር። ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 "ክላስ ኦፍ ሂሮስ" በሚባል የፒኤስፒ (በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ) ጌም ይህንኑ ጨዋታ ትምህርት ቤት ውስጥ አስገቡት። ጀግኖቹ ተማሪዎች ሆኑ። እኔ የወደድኩት ይሄን ነው። ዓለምን ከማዳን ይልቅ ፈተና ማለፍ የሚያስጨንቀው ጀግና ለእኛ ይቀርባል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዳንጀን ጌም ልቡ ሥዕሉ አይደለም። "ልመለስ ወይስ አንድ ክፍል ልጨምር?" የሚለው ጥያቄ ነው። ተጫዋቹ ይህን ጥያቄ በየደቂቃው ካልጠየቀ የፈለገ ያማረ ሥዕል ብትሠሩ ጌሙ ይሰለቻል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ዝጉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባለካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ እና አንድ የሉዶ ዳይስ። ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ቁራጭ ወረቀቶች አጣጥፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ክተቱና ዕጣ አውጡ። የወጣውን ወረቀት በየጊዜው መመለስ እንዳትረሱ፤ ካልመለሳችሁ ዕድሉ ይዛባል። ለሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ስክራች የተጫነበት ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ከኤም አይ ቲ ሚዲያ ላብ የወጣ፣ ኮድን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ የሚጽፉበት ነፃ ፕሮግራም ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂ አለው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አንዴ አውርዱት፣ ከዚያ በኋላ መረቡ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላችሁም። የቋንቋ ምርጫውን ስትከፍቱ ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛን ታገኛላችሁ።

አንደኛ፦ ትምህርት ቤቱን አስቡ

"የአስማት ትምህርት ቤት" የሚለውን ቃል ስትሰማ እናቴ ፊቷ ተቀየረ። "አስማት? እኔ ቤት ውስጥ?" አለች። እውነቷን ነው። በእኛ አገር አስማት የሚለው ቃል የፈረንጅ ኮፍያና ዱላ ብቻ አይደለም፣ ከባድ ነገር ይዞ ይመጣል። ደብተራውንም ሆነ ሼሁን ጌም ውስጥ አስገብታችሁ ጭራቅ አታድርጉ። ቡዳንም ተዉት፤ በዚያ ስም የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። ደግሞ አያስቅም።

ታዲያ አስማቱ ከየት ይምጣ? ወሎ ውስጥ ተቀምጠን ይህን መጠየቃችን ራሱ ያስቃል። አራቱ ቅኝቶች አሉ አይደል! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የተጠሩት በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አስማት የሚሠሩት በዜማ ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ "እሱስ ደግ" ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ምድር ቤቱ ሦስት ወለል አለው። ስማቸው አቦል፣ ቶና እና በረካ ነው። ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ጭራቁ እየወፈረ ይሄዳል።

ጭራቆቹን ከክፍል ውስጥ ልቀሟቸው። ዴስክ ላይ ስሙን ያልፈለፈለ ተማሪ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጭራቅ "ስሙን ማን ጻፈብኝ?" እያለ የሚናከስ ዴስክ ነው። ሁለተኛው የጠመኔ ብናኝ ነው፤ ያስነጥሳል። ሦስተኛው ያልተሠራ የቤት ሥራ ነው። ይሄኛው አይጮህም። ዝም ብሎ ቆሞ "ትናንት ማታ የት ነበርክ?" ይላል። የእህቴ ልጅ ከሁሉም የሚፈራው እሱን ነው።

ማንም አይሞትም። እንደ ደም የሚቆጠረው ትንፋሽ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ትንፋሽ ማለቅ ምን ማለት እንደሆነ ዳገቷን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ትንፋሹ ያለቀበት ተማሪ ዘበኛው ያገኘዋል፣ ቢሮ በር ላይ ይንበረከካል፣ ከዚያም ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ቃል ትመጣለች፦ "ወላጅ አምጣ!"

ሁለተኛ፦ ቁጥሮቹን አስተካክሉ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። አብዛኛው ሰው ጌም ሲጀምር የሚዘለው ይሄንን ነው፣ ጌሙ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ቡድኑ በየቀኑ 10 ትንፋሽ ይዞ ይገባል። እያንዳንዱ ጭራቅ ጉልበቱ 2 ነው። ዳይስ ትጥላላችሁ። ከመታችሁ ጭራቁ 1 ጉልበት ያጣል፣ ከሳታችሁ እናንተ 1 ትንፋሽ ታጣላችሁ። ለመምታት አቦል ላይ 3 ወይም ከዚያ በላይ፣ ቶና ላይ 4 ወይም ከዚያ በላይ፣ በረካ ላይ 5 ወይም 6 መጣል አለበት።

አሁን እናስላው። አቦል ላይ ከስድስቱ ፊቶች አራቱ ይመታሉ፣ ሁለቱ ይስታሉ። በአማካይ ሁለቴ ለመምታት አንዴ ትስታላችሁ። ስለዚህ አንድ ጭራቅ 1 ትንፋሽ ያስከፍላል። ቶና ላይ ግማሽ በግማሽ ነው፣ አንድ ጭራቅ 2 ትንፋሽ። በረካ ላይ ለአንድ ምት ሁለት ስህተት ይደርሳል፣ ስለዚህ አንድ ጭራቅ 4 ትንፋሽ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ዋጋው በየወለሉ እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ ሰው ለምን ይወርዳል? ለማርክ ነው። የአቦል ጭራቅ 2 ማርክ፣ የቶናው 5፣ የበረካው 12 ይሰጣል። አካፍሉት። አቦል ላይ ለአንድ ትንፋሽ 2 ማርክ፣ ቶና ላይ 2 ተኩል፣ በረካ ላይ 3 ታገኛላችሁ። ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ግን ሆድን ለማላወስ በቂ ናት። መጀመሪያ በረካን 8 ማርክ አድርጌው ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለቴ ወረደና "ምን አደከመኝ!" ብሎ አቦል ላይ ተቀመጠ። ልክ ነበር፤ በዚያ ዋጋ በረካ ለአንድ ትንፋሽ 2 ማርክ ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ከአቦል እኩል።

ለፈተናው ሦስት ቀን አላችሁ። ማለፊያው 50 ነው። አንድ ቡድን በየወለሉ አንድ አንድ ጭራቅ ቢጥል 2፣ 5 እና 12፣ በድምሩ 19 ማርክ ያገኛል። የሚከፍለው 7 ትንፋሽ ነው። በሦስት ቀን 57 ማርክ። ያልፋል፣ ግን ለጥቂት ነው። ዳይሱ ከጠመመ ይወድቃል። አቦል ላይ ብቻ ልቆይ የሚለው ፈሪ ደግሞ እዚያ ያሉትን አራቱንም ጭራቆች በየቀኑ ቢጥል 8፣ በሦስት ቀን 24 ማርክ ነው የሚያገኘው። እሱ ክረምት ይማራል።

የተሰበሰበው ማርክ የሚመዘገበው ከምድር ቤት ስትወጡ ብቻ ነው። ስትመለሱም በየወለሉ አንዴ ዳይስ ጣሉ። 1 ከመጣ ዘበኛው አይቷችኋል፣ ሩጫው 1 ትንፋሽ ያስከፍላል። ትንፋሽ ዜሮ ከደረሰ የዚያ ቀን ማርክ ግማሹ ይሰረዛል፣ ወላጅ ይጠራል፣ በማግስቱም በ8 ትንፋሽ ትጀምራላችሁ። ሁለቱ ቤት ውስጥ በቁጣው አልቀዋል።

ሦስተኛ፦ ካርታ ሳሉ

ደብተሩ ላይ 8 በ8 ካሬ ከልሉ። የዳሩን ካሬዎች በሙሉ ግድግዳ አድርጋችሁ አጥቁሩ። ይህ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ራስ ምታት ያድናችኋል። ውስጡ 6 በ6፣ ማለትም 36 ካሬ ይቀራል። ከእሱም ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ያህል አጥቁሩና መተላለፊያዎች ይውጡ።

መውጫውንና ወደ ታች የሚወስደውን ደረጃ አራርቋቸው። ወደ ደረጃው በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ጭራቅ አቁሙ፣ ሳይጣል የማይታለፍ። ሌሎቹን ግን በጎን መንገድ ላይ ደብቋቸው፣ የፈለገ ይሂድባቸው። መንገዶቹ ዞረው የሚገናኙ ይሁኑ። ሁሉም መንገድ እየተዘጋ "ተመለስ፣ ተመለስ" የሚል ካርታ ያናድዳል። አቦል ላይ አራት፣ ቶና ላይ ሦስት፣ በረካ ላይ ሁለት ጭራቅ ይበቃል። ሌሊት ሌሊት ወደየቦታቸው ይመለሳሉ።

ቶና ላይ አንድ ክፍል ለምግብ ይተው። እኛ ስሙን "አይጠየፍ" አልነው። የደሴ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስም ነው። በቀን አንዴ እዚያ የደረሰ ቡድን በልቶ 2 ትንፋሽ ያገኛል። የምግብ ክፍሉን ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት ካሬ አርቁት። በልቶ ለመመለስ የሚያመነታ ተጫዋች ማየት ያስደስታል።

አራተኛ፦ ተማሪዎቹና ዜማዎቹ

በወረቀት ስትጫወቱ አንድ ሰው ርእሰ መምህር ይሆናል። ካርታውን ይዞ ይደብቃል፣ የሚታየውን ብቻ ይናገራል። ሌሎቹ በራሳቸው ደብተር ካርታውን እየሳሉ ይሄዳሉ። ትንፋሹ የጋራ ነው። ተራ በተራ ዳይስ ይጥላሉ።

አራት ዓይነት ተማሪ አለ። ረባሹ 6 ከጣለ ጭራቁን በአንድ ምት ይዘርረዋል። ሸምዳጁ አራቱንም ዜማ በቃሉ ያውቃል፣ እያንዳንዱን በቀን አንዴ ያዜማል። ሞኒተሩ በየወለሉ አንዴ፣ ሳይገባ በፊት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ርእሰ መምህሩን ይጠይቃል። ስም ጽፎ መስጠት ልማዱ ስለሆነ ይነገረዋል። ኮራጁ ደግሞ ሸምዳጁ ያዜመውን አንድ ዜማ በዚያው ቀን መድገም ይችላል፣ ግን ዳይስ ይጥላል። 1 ወይም 2 ከመጣ ተያዘ፣ ቡድኑ 2 ትንፋሽ ያጣል። የሚገርመው ሁሉም ልጅ ኮራጅ መሆን ይፈልጋል። ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ትዝታ ሲዜም ጭራቁ አገሩ ትዝ ይለውና እያለቀሰ ይሄዳል። መንገድ ይከፈታል፣ ማርክ ግን የለም። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ስለሆነ መገበያያ ናት፤ በዚያ ቀን ከሰበሰባችሁት 5 ማርክ ሰጥታችሁ 3 ትንፋሽ ትገዛላችሁ። አምባሰል ተራራ ነው፤ ከየትኛውም ቦታ ቀጥታ ወደ ላይ ያወጣችኋል፣ ዘበኛ የለ ምን የለ። አንቺሆዬ ጓደኛ መጥራት ነው፤ ለአንድ ግጥሚያ በየተራው ዳይሱን ሁለቴ ጥላችሁ ትልቁን ትወስዳላችሁ። በረካ ላይ የመምታት ዕድላችሁን ከ33 በመቶ ወደ 56 በመቶ ገደማ ያነሣዋል። አምባሰልን አቦል ላይ የሚያባክን ሰው አጋጥሞኛል። ተቆጣሁት። ወንድሜ ነው፣ ይችለዋል።

አሁን ተጫወቱት። ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ ከተለያዩ ሰዎች ጋር። የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ጥያቄ ከጠየቀ ደንቡ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። እኛ ቤት ሁሉም "ጭራቁን ጥሎ መሸሽ ይቻላል ወይ?" ብለው ጠየቁ። አላሰብኩበትም ነበር። ይቻላል አልን፣ 1 ትንፋሽ ከፍሎ።

አምስተኛ፦ ወደ ስክራች

በኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ አንድ ተማሪ ብቻ ይኑር። አራቱን በአንዴ ለማስገባት የሞከረ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ይተወዋል። እኔ ሁለቴ ትቼዋለሁ። እንደ ዊዛርድሪ በዓይን ፊት የሚታይ መተላለፊያም አትሞክሩ፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ካርታ ይበቃል።

እነዚህን ተለዋዋጮች (ቁጥር የሚይዙ ሳጥኖች) ፍጠሩ፦ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ትንፋሽ፣ ማርክ፣ ወለል፣ ቀን። ስማቸውን በአማርኛ ጻፉት፤ ኮዱ ለልጆች ሲነበብ ደስ ይላል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባሉ ሦስት ዝርዝሮች ፍጠሩ። እያንዳንዱ 64 ቁጥር ይይዛል፣ ለየካሬው አንድ። 0 ባዶ መንገድ፣ 1 ግድግዳ፣ 2 ጭራቅ፣ 3 ወደ ታች ደረጃ፣ 4 አይጠየፍ፣ 5 ወደ ላይ መውጫ። ደብተሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያነበባችሁ አስገቡ። አንድ ሰው ቢያነብ፣ ሌላው ቢጽፍ ይፈጥናል።

አንድ ካሬ በዝርዝሩ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ ከረድፉ 1 ቀንሱ፣ በ8 አባዙ፣ ዓምዱን ደምሩ። ረድፍ 3፣ ዓምድ 5 ማለት 2 ሲባዛ በ8 ሲደመር 5፣ ማለትም 21ኛው ነው።

የስክራች መድረክ 480 በ360 ነጥብ ነው፣ መሐሉ ዜሮ። ካሬዎቹን 40 ነጥብ አድርጓቸው። ካርታው 320 በ320 ይሆናል፣ በቀኝ በኩል ለትንፋሽና ለማርክ ማሳያ ቦታ ይተርፋል። ተማሪው የሚቆምበት አግድም ቦታ ዓምድ ሲባዛ በ40፣ ሲቀነስ 260 ነው። ቁመቱ 180 ሲቀነስ፣ ረድፍ ሲባዛ በ40። ለረድፍ 3 ዓምድ 5 አግድሙ ነጌቲቭ 60፣ ቁመቱ 60 ይመጣል። ይህን በእጃችሁ አንዴ አረጋግጡት።

እንቅስቃሴው እንዲህ ነው። የቀኝ ቀስት ሲጫን ዓምድ ላይ 1 ከመደመራችሁ በፊት፣ በዚያ በኩል ያለው ካሬ 1 መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። 1 ካልሆነ ብቻ ተንቀሳቀሱ። ዳሩን ሁሉ ግድግዳ ያደረግነው ለዚህ ነው። ተጫዋቹ ከካርታው ስለማይወጣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግም።

ግድግዳውን ለመሳል የእስክሪብቶ ማሟያውን ጨምሩ። አንድ ግድግዳ የሚመስል ባለ40 ነጥብ ካሬ ሥሩ፣ ከ1 እስከ 64 ይቁጠር፣ ዝርዝሩ 1 ባለበት ሁሉ ማኅተም ይምታ። ከቁጥር ወደ ቦታ ለመመለስ ከቁጥሩ 1 ቀንሱና ለ8 አካፍሉ። ቀሪው ላይ 1 ስትደምሩ ዓምዱ፣ ሙሉው ውጤት ላይ 1 ስትደምሩ ረድፉ ይወጣል።

አሁን አንድ ወጥመድ። ስክራች ውስጥ ዝርዝሮች አረንጓዴዋን ባንዲራ ስትጫኑ በራሳቸው ወደ መነሻቸው አይመለሱም። ጭራቅ ስትጥሉ 2ን ወደ 0 ትቀይራላችሁ አይደል? ነገ ስትከፍቱት ጭራቁ እንደጠፋ ይቀራል። ስለዚህ "የዛሬ ካርታ" የሚባል ሌላ ዝርዝር ለየወለሉ አዘጋጁና በየቀኑ ጠዋት ከዋናው ላይ ገልብጡ። ዋናውን ፈጽሞ አትንኩት። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሦስቱንም ምድር ቤቶች ባዶ ካደረግኩ በኋላ ነው።

ስድስተኛ፦ የደሴ ጭጋግ

የምወደው ክፍል ይሄ ነው። 40 ነጥብ ስፋት ያለው፣ ዳሩ የደበዘዘ ግራጫ ደመና ሳሉ። ይህ ሥዕል ለ64ቱ ካሬዎች ራሱን ይባዛ። ስክራች በአንድ ጊዜ እስከ 300 ብዜት ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ሰፊ ቦታ አለን። ዋናው ሥዕል ይደበቅ፣ ብዜቶቹ ብቻ ይታዩ። ማኅተሞቹ ከሥዕሎች ሁሉ ሥር ስለሚቀመጡ ጭጋጉ ግድግዳውን በደንብ ይሸፍናል። ተማሪውን ግን ወደ ፊት አውጡት፣ አለዚያ እሱም ይዋጣል።

እያንዳንዱ ብዜት ያለማቋረጥ ከተማሪው ያለውን ርቀት ይለካ። ከ60 በታች ሲሆን ይጥፋ። ለምን 60? አጠገብ ያለው ካሬ 40 ነጥብ ይርቃል፣ በሰያፍ ያለው 57 ገደማ፣ ሁለት ካሬ የሚርቀው ግን 80። ስለዚህ ዙሪያችሁን ያሉት ስምንቱ ብቻ ይገለጣሉ። በአንዴ አታጥፉት። የመናፍስት ውጤት የሚባለውን በ10 በ10 እየጨመራችሁ አሥር ጊዜ ድገሙ፣ ከዚያ ብዜቱ ይሰረዝ። ጭጋጉ እንደ እውነቱ ቀስ ብሎ ይገፈፋል።

ጨርሼ ለኮምቦልቻ ዘመዶቼ ላሳያቸው በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። አዩት፣ ተጫወቱት፣ ከዚያ ጃኬቴን እያዩ "እኛ ጋ ጭጋግ የለም፣ ሙቀት ነው ያለው" አሉኝ። የኮምቦልቻውን ቅጂ እዚያው ሠራን። ጭጋጉን አነሣን፣ ካርታው ሁሉ ይታያል፣ ግን በየ15 እርምጃው 1 ትንፋሽ ይቀንሳል። አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ነው የጨመርነው። ጌሙ ግን ተለወጠ። ደሴ ላይ የሚያስፈራው የማይታየው ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ።

ሰባተኛ፦ ግጥሚያና ድምፅ

ተማሪው 2 ያለበት ካሬ ላይ ሲደርስ "ግጥሚያ" የሚል መልእክት ይሰራጭ። የስፔስ ቁልፍ ሲጫን ከ1 እስከ 6 ቁጥር በዘፈቀደ ይውጣ። ወለልን ለአቦል 1፣ ለቶና 2፣ ለበረካ 3 ካላችሁ አንድ ጥያቄ ለሁሉም ይሠራል፦ ዳይሱ ከወለል ሲደመር 1 ይበልጣል ወይ? አቦል ላይ ከ2 መብለጥ፣ ቶና ላይ ከ3፣ በረካ ላይ ከ4። ከበለጠ ጭራቁ ተመታ።

በግጥሚያ ጊዜ ቀስቶቹን ቆልፉ። "ተጠምጃለሁ" የሚል ተለዋዋጭ ፍጠሩ፣ 1 ሲሆን እንቅስቃሴ የለም። ይህን ሳላደርግ የእህቴ ልጅ ከዴስኩ ጋር እየተማታ ወደ ታች ደረጃ ሄደ። ዴስኩ ብቻውን ሲጮህ ቀረ።

ለዜማዎቹ የሙዚቃ ማሟያውን ጨምሩ። ስክራች ኖታን በቁጥር ነው የሚጠራው፣ 60 መካከለኛው ዶ ነው። ትዝታ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69። ባቲ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71። አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68። አንቺሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። ክራር የሚመታ ሰው ቤት ካለ "ይሄ የፒያኖ ነው እንጂ የክራር አይደለም" ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። እሱን ራሱን ክራሩን ይዞ እንዲመታ አድርጉና ድምፁን ቅዱት፣ ስክራች ድምፅ መቅጃ አለው።

በየመሐሉ ወደ ኮምፒውተራችሁ አስቀምጡት። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ቅጂ በራሱ አያስቀምጥም። መብራት ሄዶ የላፕቶፔ ባትሪም ደክሞ ስለነበር የሁለት ሰዓት ሥራ ከነጭጋጉ ገባ። አሁን ወለል በጨረስኩ ቁጥር በአዲስ ስም አስቀምጣለሁ፦ ወላጅ1፣ ወላጅ2፣ እያለ።

ስምንተኛ፦ ለሌላ ሰው ስጡና ዝም በሉ

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ከኋላው ቁሙ። አፋችሁን ያዙ። "በዚህ በኩል ሂድ" ማለት የለም። የት እንደሚያቆም፣ የት እንደሚስቅ፣ የትኛውን ቁልፍ በከንቱ እንደሚጫን ጻፉ።

የእህቴ ልጅ የመጨረሻውን ቅጂ ሲሞክር 31 ማርክ ይዞ በረካ ላይ ነበር። መመለስ ይችል ነበር። "አንድ ክፍል ብቻ" አለ። ያልተሠራው የቤት ሥራ አራት ጊዜ ተከታትሎ መታው። ስክሪኑ ጠቆረና "ወላጅ አምጣ!" አለ። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ዞሮ "እማዬ! ነይ፣ ተጠርተሻል!" ብሎ ተጣራ።

እህቴ እጇን እየጠረገች መጣች። "ምን አጠፋ?" ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። አስረዳኋት። ስፔስን ተጫነች፣ ምንም አልሆነም፤ ምክንያቱም ለወላጅ የሚሆን ኮድ አልነበረም። በዚያው ሌሊት ጨመርኩት። "ወላጅ አምጣ" ሲወጣ W የሚለው ቁልፍ ከተጫነ ዳይስ ይጣል። ከ4 በላይ ከመጣ የተሰረዘው ማርክ ይመለሳል፣ ካልሆነ ቁጣው እጥፍ ይሆንና ልጁ በማግስቱ በ6 ትንፋሽ ይጀምራል።

በማግስቱ እህቴ መጥታ 3 ጣለች። "ድገሚው እሺ?" አላት ልጁ። "አይደገምም" አለችው፣ "ማን ውረድ አለህ?"